የዛሪማ አፈር በሁለት ቆርቆሮ

ቀስ ብዬ ነው የምጽፈው። በቀን አንድ ገጽ፣ አንዳንድ ቀን ግማሽ። ሲያስቸኩሉ የነበሩ ሰዎች ችኮላቸው የት እንዳደረሳቸው ስላየሁ እኔ አልቸኩልም።

ባሌ የአፈር ባለሙያ ነበር። ሰዎች መሐንዲስ ሲሉት ያርማቸዋል። ሥራው ሕንፃ ከመቆሙ በፊት ቦታው ላይ ጉድጓድ አስቆፍሮ፣ ከጉድጓዱ ጎን ናሙና ቆርጦ፣ አፈሩ ምን ያህል እንደሚሸከም መርምሮ ለመሥሪያ ቤቱ መጻፍ ነበር። እኔ ደባርቅ ሦስተኛ ክፍል አስተምራለሁ። እሱ ከመስክ አፈር ለብሶ ይመጣል፣ እኔ ከክፍል ጠመኔ ለብሼ እመጣለሁ፣ በር ላይ ተያይተን እንሳሳቃለን።

ናሙናውን በቢላዋ እንደ ዳቦ አራት ማዕዘን አድርጎ ይቆርጠውና በጨርቅ ይጠቀልለዋል። ከዚያ እርጥበቱ እንዳይለወጥ ዙሪያውን ቀልጦ በተዘጋጀ ሰም ይቀባዋል። መሥሪያ ቤቱ የሚልክለት ሰም ሲያልቅበት ከቤተ ክርስቲያን የጧፍ ቁራጭ ለምኖ ያቀልጥ ነበር። ግድግዳ የምንጋራት ጎረቤቴ ይህን አይታ አልለቀቀችውም።

«ሰው ለታቦት ጧፍ ያጣል፣ አንተ ለአፈር ታበራለህ» አለችው።

«አፈሩ ሳይሞት ነው የማበራለት፣ እትዬ» አላት። «ከሞተ በኋላማ ማን ይጠይቀኛል።»

የዛሪማን አፈር ያመጣ ዕለት ግን አልቀለደም። ከሊማሊሞ ቁልቁለት በታች፣ ከዛሪማ ወጣ ብሎ፣ የአካባቢው የገበሬ ማኅበራት እህል የሚከማችበት መጋዘን ሊሠራ ቦታ ተመርጦ ነበር። ባሌ ያንን ቦታ መርምሮ ሲመለስ አንድ ቁራጭ አፈር ገበታው ላይ አስቀመጠልኝ። ቡኒ ነው፤ በመካከሉ ግን ነጭ ክር የመሰለ ነገር ወዲህና ወዲያ ይሄዳል፣ ወደ መስኮቱ ሲያዞሩት ያብለጨልጫል።

«በጥፍርሽ ጫሪው» አለኝ።

ጫርኩት። ነጭ ዱቄት ወጣው። «ጠመኔ ነው» አልኩ።

«ቀረብ ብለሻል። ጄሶ ነው። ያንቺ ጠመኔም ከዚሁ ነው የሚሠራው።»

እራት እየበላን አስረዳኝ። አፈሩ ደረቅ እስከሆነ ድረስ እንደ ድንጋይ ጠንካራ ነው፤ ነጩ ክር እንደ ስፌት ሆኖ ይዞታል። ውሃ ሲያልፍበት ግን ስፌቱ እየሟሟ ይሄዳል፣ ውስጡ ባዶ ቦታ ይፈጠራል፣ ከላይ ያለው ሸክም ደግሞ ይጫነውና አፈሩ ይሰምጣል።

«እንደ ጨው ማለት ነው?» አልኩት።

«ጨው ቢሆን ጥሩ ነበር። ጨው ወዲያው ሟሙቶ ያጋልጥሻል። ይህ ግን አይቸኩልም። አንድ ዓመት፣ ሁለት ዓመት ምንም ያልሆነ ይመስላል።» ብርጭቆውን አነሳ። «የቆመ ውሃ የሚችለውን ያህል ጄሶ ይወስድና ይጠግባል። ከጠገበ በኋላ አይነካውም። የሚያልፍ ውሃ ግን ሁልጊዜ ርቦት ነው የሚመጣው።»

ይህችን ንግግር ያኔ ልብ ብዬ አልያዝኳትም። ሚስት የባሏን ሥራ በግማሽ ጆሮ ነው የምትሰማው። ኋላ ግን አንዲት ቃል ሳትጎድል ተመልሳ መጣችልኝ።

ግንበኞቹ ከዳባትና ከደባርቅ የወረዱ ደገኞች ነበሩ። አለቃቸው የዳባት ሰው ነው፣ ፀጉሩ የነጣ፣ በእኛ አገር እሱ ያልገነባው ትልቅ ቤት የለም። የእኛ አገር አፈር ዋልካ ነው። ዋልካ ደግሞ ውሃ ሲያገኝ ያብጣል፣ ግድግዳ አንስቶ ይሰነጥቃል። ስለዚህ ደገኛ ግንበኛ የመሠረት ጉድጓድ ቆፍሮ ወዲያው ድንጋይ አይጥልም። ለሰባት ቀን ውሃ ሞልቶ ያጠጣዋል፤ አፈሩ አስቀድሞ አብጦ ይጨርስና ከዚያ በኋላ ይገነባበታል። ጥሩ ልማድ ነው፣ ለዋልካ።

አለቃው ዛሪማ ወርዶም ያንኑ አደረገ። ባሌ ደርሶ ጉድጓዱ ውሃ ሞልቶ አገኘው።

«ጋሼ፣ ይህ አፈር ዋልካ አይደለም። መጠጣት አያስፈልገውም» አለው።

«አንተ ሳትወለድ ጀምሬ አጠጥቻለሁ» አለ አለቃው። «አንተ ወረቀትህን ጻፍ፣ እኔ ጉድጓዴን ላጠጣ።»

ውሃው ከደረቀ በኋላ አለቃው የጉድጓዱን ወለል በመዶሻ መታው። እንደ ደወል ጮኸ። ከበፊቱ ይልቅ ጠንክሯል። ሠራተኞቹ ሳቁ፣ ባሌም አብሯቸው ሳቀ። ማታ ሲነግረኝ «ሽማግሌው አሸነፈኝ» አለ። «አንዴ ጠጥቶ ቢደርቅ የሟሟው ጄሶ ተመልሶ ይይዘዋል። እኔ የምፈራው እሱን ሳይሆን ታንከሩን ነው።»

ታንከሩ የውሃ ማጠራቀሚያው ነው። ከመጋዘኑ በላይ በኩል ነበር የተተከለው። ከምንጭ የሚመጣው ውሃ ታንከሩን ሲሞላ ትርፉ በቱቦ ወጥቶ በመጋዘኑ ግድግዳ ሥር ይፈስሳል። ባሌ ያ ትርፍ ውሃ በሲሚንቶ ቦይ ተጠልፎ ወደ ገደሉ እንዲወርድ ጻፈ፤ ሥዕልም ሳለበት። የግንባታው ኮሚቴ ሊቀመንበር አልተስማማም። ይህ ሰው ቀድሞ ከእኔ ጋር ያስተምር ነበር። ክፉ ሰው ነበር አልልም። ለአብዮት በዓል ምረቃው እንዲደርስ ይፈልጋል፣ ለእንግዶቹም ውሃ እንዲታይለት ይፈልጋል። ሴቶች ቱቦው ሥር ልብስ ያጥባሉ፣ ከብት ይጠጣል፣ ፎቶ አንሺ ያነሳል።

«ቦዩ በሚቀጥለው በጀት» አለው ባሌን።

የሚቀጥለው በጀት መጣ፣ አለፈ። ውሃው ቀንም ሌትም ሲወርድ ቆየ። ሰው ሁሉ ወዶት ነበር፤ እኔም አንድ ጊዜ ወርጄ እግሬን ታጥቤበታለሁ።

በሁለተኛው ክረምት መጀመሪያ የመጋዘኑ በር አልዘጋ አለ። አናጺ ጠርተው በሩን ላጉት። ከወር በኋላ እንደገና አልዘጋ አለ፣ እንደገና ላጉት። ባሌ ሰምቶ «በሩ አይደለም፣ ቤቱ ነው» ብሎ ጻፈ። ከዚያ ግድግዳው ላይ እንደ ደረጃ የሚወርድ ስንጥቅ ታየ። ክረምቱ ሳይወጣ በቱቦው በኩል ያለው ማዕዘን ሰምጦ ግድግዳው ተከፈተና ዝናብ ገባበት። ሰው አልሞተም። እህሉ ግን በሰበሰ፣ ዓመቱም እህል የሚበሰብስበት ዓመት አልነበረም።

ኃላፊ ተፈለገ። የአፈሩን ምርመራ ማን ፈረመ? ባሌ። ፋይሉ ተከፈተ፤ ስለ ቦዩ የጻፈው ገጽ የለም። «ካርቦን ቅጂው ቤቴ አለ» አላቸው። መጥተው ቤቱን ፈተሹ፣ ቅጂውን ከሌላው ወረቀቱ ሁሉ ጋር ወሰዱት። ከአልጋ ሥር ሁለት የእንጨት ሣጥኖች ነበሩ። ፈታሹ በጫማው ገፋቸው።

«ይህስ?»

«አፈር ነው» አልኩ።

«አፈር ምን ያደርግላችኋል?» ብሎ ተዋቸው።

ባሌን ጎንደር ወስደው አቆዩት። ክሱ ኢኮኖሚያዊ አሻጥር የሚል ነበር። በየሳምንቱ ስንቅ ይዤ በጭነት መኪና እወርዳለሁ። ኮሶዬ ላይ ጉሙ መንገዱን ሲዘጋው መኪናው ይቆማል፤ እኔ ያን ጊዜ ነበር የማለቅሰው፣ ማንም የማንንም ፊት ስለማያይ። ከወራት በኋላ ለቀቁት። እግሩ አብጦ፣ ሳል ይዞት መጣ። አምስት ሳምንት ቤቱ ተኛ።

በአምስቱ ሳምንት ውስጥ ስለ እስሩ ምንም አልነገረኝም። የሚጠይቀኝ አንድ ነገር ነበር።

«ቱቦውን አዙረውታል?»

«አላዞሩትም።»

«የመጋዘኑ ዘበኛ ከነልጆቹ ባልሰመጠው ግማሽ ነው የሚኖረው። ንገሪያቸው።»

ኮሚቴው ዘንድ ሄጄ ነገርኳቸው። የሟች አፍ ሆኖ መናገር ያን ጊዜ ነው የጀመርኩት፣ ገና ሳይሞት።

በተቀበረ በሦስተኛው ቀን፣ ከሠልስቱ በኋላ፣ ሊቀመንበሩ መጣ። ነጠላውን አዘቅዝቆ አለቀሰ። ማልቀሱ የውሸት አልነበረም፤ ባሌ ያበላው ሰው ነው። ከዚያ ከኪሱ ቃለ ጉባኤ አወጣ።

«እህቴ፣ ይህን የማመጣው ላንቺ ብዬ ነው» አለ። «እሱ ሳይፈርም አረፈ። ፋይሉ አሻጥር እንደሚል ክፍት ሆኖ ቀርቷል። ቤተሰብ ከፈረመ ወደ ሙያ ስህተት ዝቅ ይላል፣ ይዘጋል። አንቺም ሥራሽ ላይ በሰላም ትቆያለሽ።»

አነበብኩት። «ባለሙያው የአፈሩን ጠባይ በሚገባ ሳይረዳ በመቅረቱ» ይላል።

«ተረድቶ ነበር» አልኩት።

«ማስረጃ አለሽ?»

«ማስረጃውን ወስዳችሁታል።»

«እንግዲህ» አለ፣ እጁን ዘርግቶ።

«አርባውን ጠብቀኝ» አልኩት። «አርባው ዕለት ና። ያን ዕለት እፈርማለሁ ወይም አልፈርምም።»

ወጣ። ጎረቤቴ በግድግዳው ስትሰማ ነበር መሰል፣ ወዲያው ገባች። «አንቺ፣ ፈርመሽ ብትገላገይ ምናለ?» አለችኝ። «እሱ እንደሆነ አይሰማም።»

«እኔ እሰማለሁ» አልኳት።

ሣጥኖቹን ከአልጋ ሥር አወጣኋቸው። በጨርቅና በሰም የተጠቀለሉ ሁለት የዛሪማ አፈር ቁራጮች ናቸው፤ ከአንድ ጉድጓድ፣ ከአንድ ጎን የተቆረጡ። ላያቸው ላይ የጻፈው ቀንና ጥልቀት አለ። ወረቀቱን ወስደዋል፣ አፈሩን ግን ንቀውታል።

ሁለት የዘይት ቆርቆሮ አገኘሁ። አንዱን እንዳለ ተውኩት፤ የሁለተኛውን ቂጥ በምስማር በሳሁት። በእያንዳንዱ አንድ አንድ ቁራጭ ከተትኩ፣ ከላይና ከታች ያለውን ሰም ገፍፌ። በጎን በኩል ውሃ ሾልኮ እንዳይወርድ በቆርቆሮውና በአፈሩ መካከል የጧፍ ሰም አቅልጬ አፈሰስኩ። ለአርባው የተሰበሰበ ጧፍ ነበር፤ ከዚያ ላይ ነው የወሰድኩት። ባሌ አይቆጣም። በሁለቱም ላይ እኩል የሆኑ ጠፍጣፋ ድንጋዮች ጫንኩ፣ የድንጋዩን ከፍታ በክፍል መስመሪያዬ ለክቼ ቆርቆሮው ላይ በምስማር ጫርኩ። ባልተበሳው ውሃ አንድ ጊዜ ሞላሁ፣ ተውኩት። በተበሳው ላይ እንስራ ሰቅዬ በጥጥ ክር ጠብ ጠብ እንዲል አደረግሁ። ከሥር የሚወጣውን ሳፋ ይቀበለዋል። እንስራውን ጠዋትና ማታ እሞላለሁ።

የሐዘን ቤት ነውና ሰው ይገባል፣ ይወጣል። ይቀመጡና ጠብታውን ያዳምጣሉ። «ምንድን ነው?» ይላሉ። «አፈር እያጠጣሁ ነው» እላለሁ። አንዲት ሴት ለሌላዋ «ሐዘኑ ጭንቅላቷ ላይ ወጣ» ስትል ሰማሁ። እንስራዬን ሞላሁ።

በመጀመሪያዎቹ ሁለት ቀናት ሁለቱም ድንጋዮች ትንሽ ወረዱ፣ እኩል። ከዚያ ቆሙ። አምስተኛ ቀን፣ ስምንተኛ ቀን፣ ዐሥረኛ ቀን ምንም የለም። እውነቱን ልጻፍ፤ ፈራሁ። ቢሳሳትስ? በየጠዋቱ መስመሪያውን ይዤ ጎንበስ እላለሁ። ለራሴ አንድ ነገር ማልኩ፤ ድንጋዩ ካልወረደ እፈርማለሁ። ባሌ ልክ ነው ብዬ የምከራከረው ባሌ ስለሆነ አይደለም። አፈሩ ካልመሰከረለት እኔም አልመሰክርለትም።

በዐሥራ አራተኛው ቀን የተበሳው ቆርቆሮ ድንጋይ ከጭረቱ በታች ሆነ። ልዩነቷ የመስመሪያ ሽራፊ ያህል ናት። ዓይኔ ነው ብዬ እንደገና ለካሁ። በማግስቱም ወረደ። ከዚያ ወዲያ አልቆመም። ያልተበሳው ግን ከነውሃው በጭረቱ ላይ እንደ ተቀመጠ ነው። መሬት ላይ ተቀምጬ፣ ከሞተ ጀምሮ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቅሁ። «ርቦት ነው የሚመጣው» አልኩ ጮክ ብዬ። ጎረቤቴ በግድግዳው «ማን?» አለች።

ሳፋ ውስጥ የተጠራቀመውን ውሃ እያፈላሁ አተነንኩት። ድስቱ ሥር ነጭ ነገር ቀረ። ፍቄ በብልቃጥ አስቀመጥኩት፣ በየቀኑ እየጨመርኩ።

አርባው ደረሰ። ትንሽ ነገር ነበር፤ ጊዜው ድግስ የሚወደድበት ጊዜ አልነበረም። ካህናቱ ጸልየው፣ ሰው ቀምሶ፣ ግማሹ ሲወጣ ሊቀመንበሩ ቃለ ጉባኤውን ይዞ ገባ። የግንበኞቹም አለቃ ከዳባት በእግሩ መጥቶ ጥግ ተቀምጦ ነበር። ከመጋዘኑ ወዲህ ሰው ፊት ቀና ብሎ አያውቅም ይሉታል። ቆርቆሮዎቹን አምጥቼ ከሊቀመንበሩ እግር ፊት አስቀመጥኳቸው።

«ሁለቱም የዛሪማ አፈር ናቸው። ቀኑን በእጁ የጻፈው እሱ ነው፤ ጽሑፉን ታውቀዋለህ» አልኩት። «ሁለቱም እኩል ድንጋይ ነው የተሸከሙት። ይኸኛው የቆመ ውሃ ውስጥ ነው ያለው። በዚያኛው ግን ውሃ አልፎበታል። ጭረቶቹን እይ።»

አየ። ውሃ ያለፈበት ቆርቆሮ ድንጋይ ሁለት ጣት ያህል ሰምጦ ወደ አንድ ጎን አዘንብሏል፤ ልክ እንደ መጋዘኑ።

አለቃው ከጥግ ተነስቶ መጣና ድንጋዩን አነሳው። ጣቱን አፈሩ ውስጥ ሰደደ፤ ያለ ኃይል ገባለት። ማሩ የወጣለት ቀፎ ይመስላል።

«እንግዲያ እኔ ነኝ የገደልኩት» አለ። «አታጠጣ ብሎኝ ነበር። ያጠጣሁት እኔ ነኝ።»

እዚህ ላይ ዝም ብል ይቀለኝ ነበር። ጥፋተኛ በራሱ እግር መጥቷል፣ ሊቀመንበሩም ቀና ብሏል። ነገር ግን አፈሩ እንደዚያ አላለም።

«አይደሉም፣ ጋሼ» አልኩት። «እርስዎ ያደረጉት ይኸኛውን ነው፣ የቆመውን። ይኸው ቆሟል፣ በመዶሻ ይምቱት። ከአንድ ወር በላይ ውሃ ውስጥ ነበር። ቤቱን የጣለው በየቀኑ የሚያልፈው ውሃ ነው።»

ብልቃጡን ለሊቀመንበሩ ሰጠሁት። «ይህ ደግሞ ከሥር የወጣው ነው። እህላችሁ ተቀምጦበት የነበረው ይህ ነው።»

ብልቃጡን አገላበጠው። «ጠመኔ ይመስላል» አለ ቀስ ብሎ።

«ብዙ ጽፈህበታል።»

ቱቦው በዚያ እንዲፈስ ማን እንዳዘዘ ሁሉም ያውቃል።

«ቆርቆሮ ፋይል ውስጥ አይገባም፣ እህቴ» አለ በመጨረሻ።

«ጂኦግራፊ ታስተምር ነበር። ውሃ ወዴት እንደሚወርድ ለማወቅ ፋይል አያሻህም።»

ጎረቤቴ ከበሩ በኩል ሳቋን በነጠላዋ ያዘች። እሱ ቃለ ጉባኤውን አሁንም ዘርግቶ ነበር። ተቀብዬ፣ ከእነሱ ጽሑፍ በታች በክፍል ሰሌዳ ላይ በምጽፍበት እጅ ጻፍኩ፦ «ባለሙያው የአፈሩን ጠባይ ተረድቶ፣ የታንከሩ ትርፍ ውሃ በቦይ ወደ ገደል እንዲወርድ አስቀድሞ በጽሑፍ አሳስቧል።» በዚያ ሥር ፈረምኩ። ከእኔ በታች አለቃው የቀኝ አውራ ጣቱን ቀለም ነክሮ አተመ። ማንም አልጠየቀውም።

ሊቀመንበሩ ወረቀቱን አጥፎ ኪሱ ከተተ። የት እንዳደረሰው አላውቅም። ከሦስት ወር በኋላ አዲስ ቃለ ጉባኤ በመልእክተኛ መጣልኝ፤ የመጋዘኑ መፍረስ መንስኤ «የተፈጥሮ ውሃ» ነው ይላል፤ ስህተትም አሻጥርም የለበትም፤ የባሌም ስም የለበትም። ፈርሚና ይዘጋ ተባልኩ። ሰዎች ይህ ትልቅ ነገር ነው አሉኝ። መልእክተኛውን «ውሃው ብቻውን አልመጣም፤ በቱቦ ነው የመጣው በልልኝ» ብዬ ሳልፈርም መለስኩት። በዓመቱ መጨረሻ ከደባርቅ ወደ ጊች ተዛወርኩ። ገብስና ብርድ ያለበት ቦታ ነው፤ መንገዱም የበቅሎ ነው። ሁለቱን ቆርቆሮዎች ጭኜ ወጣሁ።

መጋዘኑ እንደገና ይሠራ ሲባል አለቃው ሰዎቹን ይዞ ወርዶ፣ መሣሪያውን ሳያወርድ፣ ቱቦው ካልዞረ አንድ ድንጋይ አልጥልም ብሎ ተቀመጠ አሉ። ሌላ ግንበኛ ከደባርቅ ቢጠሩ እምቢ አለ። ከዳባት ቢጠሩ እምቢ አለ። በዘጠነኛው ቀን ለቦዩ ሲሚንቶ ወረደ።

ቆይቶ በሽሬ መንገድ ሳልፍ መኪናው ዛሪማ ላይ ቆመ። ወርጄ ሄድኩ። ትርፉ ውሃ በሲሚንቶ ቦይ ተይዞ፣ ከመጋዘኑ ርቆ፣ ወደ ገደሉ ይወርዳል። ቦዩ ከታንከሩ ወጥቶ ሁለት ጊዜ ይታጠፋል። ባሌም ሁለት ጊዜ አጥፎ ነበር የሳለው፤ ሲስለው አጠገቡ ተቀምጬ ደብተር አርም ነበር። የወሰዱትን ገጽ አንድ ሰው ከፍቶ አይቶታል ማለት ነው። የዘበኛው ሚስት ከበሩ ላይ ቆማ «ማንን ፈልገሽ ነው?» አለችኝ። በሩን ዝጊልኝ አልኳት። ግራ ገባት፣ ግን ዘጋችው። በደንብ ይዘጋል።

ይህ በቃሽ የሚሉኝ አሉ። ቦዩ ተሠርቷል፣ የዘበኛው ልጆች በሰላም ይተኛሉ፣ ምን ትፈልጊያለሽ ይላሉ። ስሙን ነው የምፈልገው። ቦዩን ሲሠሩ የማን ሐሳብ እንደሆነ ያውቁ ነበር፣ አልጻፉትም። እነሱ ያልጻፉትን ነው እኔ በቀን አንድ ገጽ የምጽፈው። ፋይሉ እስከ ዛሬ ክፍት ነው፣ ፊርማዬን ይጠብቃል። ይጠብቅ።